ጎጆው ሳይጎድል ንስሩ የሚያልቅበት ኮረብታ

በ2000 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ኮረብታማ አካባቢ የዞሩ አጥኚዎች 58 የወርቃማ ንስር ግዛቶችን መዘገቡ። በእያንዳንዱ ግዛት አንድ ጥንድ ንስር ሰፍሮበታል። በ2005 ተመልሰው ሲያዩ 58ቱም እንደተያዙ ናቸው። አንድም ባዶ የለም።

በዚያው አካባቢ፣ በነዚያው ዓመታት፣ የነፋስ ተርባይኖች በየዓመቱ ከ50 በላይ ንስሮች ይገድሉ ነበር።

ሁለቱን ወሬዎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው አንዱ ውሸት ይመስላል። ንስሩ እየሞተ ግዛቱ እንዴት አይለቀቅም? ግዛቱ ካልተለቀቀስ ንስር አለቀ ብሎ መጮህ ምን ይባላል? እኔን ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ ይሄ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸውና።

ነፋሱ ብቻ ታየ

ቦታው አልታሞንት ማለፊያ ይባላል። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ምሥራቅ፣ በሊቨርሞርና በትሬሲ ከተሞች መካከል ያለ ዝቅ ያለ የኮረብታ በር ነው። ዛፍ እምብዛም የለውም። ሳር ነው፣ በሳሩ ላይ ደግሞ የሚግጥ ከብት። በመሐሉ ሰፊ አውራ ጎዳና ያልፋል።

በበጋ ከኮረብታው ማዶ ያለው ትልቁ የካሊፎርኒያ ሸለቆ እንደ ምጣድ ይግላል። የጋለው አየር ወደ ላይ ይነሳል። ከፓሲፊክ ውቅያኖስ በኩል ቀዝቃዛ አየር ሊተካው ይሮጣል። የአልታሞንት በር ያንን አየር እንደ ጉሮሮ አጥብቦ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር፣ በተለይ አመሻሽ ላይ፣ ነፋሱ ኃይለኛ ነው። በብርዱ ወራት ይለዝባል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

በ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ ሲያናውጣት አሜሪካ ሌላ የኃይል ምንጭ ፍለጋ ወጣች። በ1978 የወጣ ሕግ ትልልቆቹ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ከትንንሽ አምራቾች ኃይል እንዲገዙ አስገደደ። ፌዴራሉም የካሊፎርኒያም መንግሥት የግብር ቅናሽ ጨመሩበት። ቅናሹ የሚሰላው ባለሀብቱ ባፈሰሰው ገንዘብ ልክ እንጂ ማሽኑ ባመነጨው ኃይል ልክ አልነበረም። ከዚያማ ምን ይጠበቃል? ሰዉ ማሽን መትከሉን ተያያዘው። ከ1981 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሸንተረሩ ሁሉ ተርባይን በተርባይን ሆነ። ከ5,000 በላይ ነበሩ። በወቅቱ በዓለም ላይ ያን ያህል ተርባይን የተሰበሰበበት ሌላ ቦታ አልነበረም።

ማሽኖቹ ግን ትንንሽ ናቸው። በብዛት ከተተከሉት አንዱ ዓይነት 100 ኪሎ ዋት ብቻ ነው የሚያመነጨው። ሁሉም ተደምረው አቅማቸው 580 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ማማቸው አጭር ስለሆነ ክንፋቸው ከሳሩ ብዙም ሳይርቅ ይሽከረከራል። (ከዚህ በኋላ ክንፍ ስል የማሽኑን ነው።) ብዙዎቹ ማማዎች ደግሞ እንደ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ምሰሶ ብረት ከብረት የተጠላለፈባቸው ናቸው። ለወፍ ማረፊያ ታስበው የተሠሩ ነው የሚመስሉት።

ሲተከሉ የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ነፋሱ የት ይበረታል? ችግሩ፣ ይህንኑ ጥያቄ ከሰው በፊት የጠየቀ ፍጥረት አለ። ንስር ከባድ ወፍ ነው። ቀኑን ሙሉ እያራገበ መብረር አይችልም። ነፋስ ከተዳፋት ጋር ተጋጭቶ ወደ ላይ ሲወጣ እሱ ላይ ተንሳፎ ጉልበቱን ይቆጥባል። ለተርባይን የሚመረጠው ሸንተረር ለንስርም የሚመረጠው ነው ማለት ነው።

ምግቡም እዚያው ነው። መሬት ምሶ የሚኖር፣ ሽኮኮ የሚያህል አይጥ መሳይ እንስሳ በአልታሞንት ሳር ውስጥ እንደ ልብ ይርመሰመሳል። ንስሩ እሱን ይበላል። በዚህ የተነሳ የአካባቢው ተራሮች ወርቃማ ንስር ተጠጋግቶ በመፈልፈል በዓለም ላይ ከሚታወቁት ቦታዎች መካከል ናቸው። ከዓለም ሁሉ ተመርጦ እዚህ። ሰው ሆን ብሎ ንስር ላጥፋ ብሎ ቢነሳ እንኳ ከዚህ የተሻለ ቦታ ለማግኘት ይቸገራል።

በድን መቁጠር

በ1980ዎቹ መጨረሻ ወሬው ወጣ። ከማሽኑ ሥር የተቆረጡ ንስሮች ይገኛሉ። የካሊፎርኒያ ኢነርጂ ኮሚሽን ጥናት ማስጠናት ጀመረ።

ስንት ወፍ እንደሞተ ማወቅ ቀላል ይመስላል። ሄዶ መቁጠር አይደል? አይደለም። አንድ ሰው ከተርባይኑ ሥር በእግሩ ወዲያ ወዲህ እያለ ሳሩን ይፈትሻል። ንስር ትልቅ ነው፤ በድኑ ለሳምንታት ሊታይ ይችላል። ጡጫ የምታህል ወፍ ግን በማግስቱ ላትገኝ ትችላለች። ኮዮት የሚባለው ቀበሮ መሳይ አውሬ አለ፣ ቁራ አለ፣ ጥንብ አንሳ አለ። እነሱ ከቆጣሪው ቀድመው ይደርሳሉ። ክንፉ መቶት ትንሽ በሮ ራቅ ብሎ የሚወድቅም አለ። ቆጣሪው ራሱ ረጅም ሳር ውስጥ ያለውን ያልፈዋል።

ስለዚህ አጥኚዎች ሌላ ነገር ያደርጋሉ። የሞቱ ወፎችን ራሳቸው አስቀምጠው በስንት ቀን እንደሚጠፉ፣ ቆጣሪው ከስንቱ ስንቱን እንደሚያገኝ ይለካሉ። ከዚያ የተገኘውን ቁጥር በዚያ ልክ ያሳድጉታል። ሁሉም ጭቅጭቅ እዚህ ማባዣ ውስጥ ነው ያለው። ማባዣውን ትንሽ ስትነካው መልሱ በብዙ ይቀየራል።

ተመራማሪዎቹ ሾን ስሞልዉድና ካርል ቴላንደር በ2004 ያወጡት ግምት ይህንን ያሳያል። በዓመት የሚሞተው ወፍ ከ1,766 እስከ 4,721 ነው አሉ። ከዚህ ውስጥ አዳኝ ወፎቹ ከ881 እስከ 1,300 ይሆናሉ። ወርቃማ ንስር ብቻውን ከ75 እስከ 116። በ2008 ስሌቱን አሻሽለው ሲያወጡት ንስሩ ወደ 67 ወረደ። በአንጻሩ ጉድጓድ ውስጥ የምትኖረው ትንሿ ጉጉት ከፍ አለች፤ 440 ደረሰች። ልብ በሉ፣ የንስሩ ግምት ይህን ያህል የሚቀራረበው በድኑ ትልቅ ስለሆነ ነው። የጉጉቷማ በ2004ቱ ግምት ከ99 እስከ 380 ነበር። በላይኛውና በታችኛው መካከል አራት እጥፍ ገደማ ልዩነት አለ። ደግሞም ጉጉቷን ሌላ አዳኝ በልቷት ላባዋ ከተርባይን ሥር ቢገኝ ማን ገደላት ይባላል? ይህ ክርክር ተገቢ ክርክር ነው። «ቁጥሩ ተጋኗል» ያለ ሁሉ የኩባንያ አፍ አይደለም።

ግሬንጀር ኸንት የተባለው ተመራማሪ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በድን ፍለጋ ከመሄድ ይልቅ በሕይወት ያሉ ንስሮችን ይዞ ሬዲዮ ማሰራጫ አሰረባቸው። ከ1994 ጀምሮ 257 ንስሮችን ለዓመታት ተከታተለ። ከእነሱ የ100ው ሞት ተመዘገበ። 42ቱን የገደለው የተርባይን ክንፍ ነው። ያውም አንዳንዴ ክንፉ ማሰራጫውንም አብሮ ስለሚሰብረው ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ሊበልጥ ይችላል።

የእንቆቅልሹ ፍቺ የተደበቀው በነዚህ ሟቾች ማንነት ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ጎጆ ያላቸው ጥንዶች አልነበሩም። ገና ያልጎረመሱ ወጣቶችና ጎልማሶች ሆነው ግዛት ያላገኙ ናቸው። ወደ እነሱ እንመለሳለን።

የንስር ዐይን

በቋንቋችን እይታው የሰላን ሰው «የንስር ዐይን አለው» እንላለን። ታዲያ ይህ ዐይን ቤት የሚያህል ነገር ሲሽከረከር እንዴት አያይም?

አንደኛ ነገር፣ የሚያየው ወደ ታች ነው። የእንግሊዙ ተመራማሪ ግርሃም ማርቲንና ባልደረቦቹ የጥንብ አንሳን የእይታ ክልል ለክተው፣ ወፉ መሬቱን ለመቃኘት ራሱን ሲያዘነብል ወደሚበርበት አቅጣጫ የሚያይበት ክፍል እንደሚታወር አሳይተዋል። ለሺህ ሺህ ዓመታት ከፊት ለፊቱ ሰማይ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረማ። አልታሞንት ላይ ያ አይጥ መሳይ እንስሳ ሲሮጥ ያየ ንስርም ዐይኑ እሱ ላይ ነው። ስልኩን እያየ መንገድ የሚሻገር ሰው አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ ክንፉ ሲቀርቡት ይጠፋል። ማማው አጠገብ ዝግ ያለ ቢመስልም ጫፉ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። በዚያ ፍጥነት የሚያልፍ ነገር በዐይን መጋረጃ ላይ ይደበዝዝና እንደ ስስ ጭጋግ ይሆናል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ሆዶስ ይህንን መርምሮ ከሦስቱ ክንፎች አንዱን ብቻ ጥቁር መቀባት ድብዝዝታውን ሊሰብር ይችላል ብሎ ነበር። ኖርዌይ ውስጥ ስሞላ በምትባል ደሴት በ2013 በአራት ተርባይኖች ላይ ተሞከረ። በ2020 የወጣው ውጤት፣ ከጎረቤት ያልተቀቡ ተርባይኖች ጋር ሲነጻጸር የወፍ ሞት ከ70 በመቶ በላይ መቀነሱን ያሳያል። አራት ተርባይን ጥቂት ነው፤ ቀለም ግን ርካሽ ነው።

ሦስተኛው ነገር መሬቱ ላይ ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝም እሱ ነው። ተርባይኑ ሥር ሰው ሳያስበው የአይጥ ገነት ሠርቷል። ለማሽኑ መሠረት ተዳፋቱ ሲቆረጥ አፈሩ ይላላል፤ ለቆፋሪ እንስሳ ይመቻል። ከቁፋሮው የወጣው ድንጋይ ተከምሮ ሲቀር ጥንቸል ይገባበታል። ከብቶች ተርባይኖቹ አጠገብ መሰብሰብ ይወዳሉ፤ እበታቸው ላይ ፌንጣ ይበዛል፤ ፌንጣውን ፍለጋ ከስትሬል የምትባለው ትንሽ ጭልፊት ትመጣለች። ጉድ ነው። ገዳዩ ማሽን ራሱ ማዕድ ዘርግቶ እንግዳ ይጠራል።

አይጥ መሳዮቹን በመርዝ መጨረስም ተሞክሯል። ምግቡ ከጠፋ ንስሩ አይመጣም በሚል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አልሆነም። የነሱን ጉድጓድ ቤቷ ያደረገችው ያችው የምትሞተዋ ጉጉት ናት። ሌሎችም ጥበቃ የሚደረግላቸው እንስሳት እዚያው ይጠለላሉ። አንዱን ለማዳን የሌላውን ቤት መድፈን ሆነ።

ሁሉም ተርባይን እኩል ገዳይ እንዳልሆነም ታወቀ። ከረድፍ ጫፍ የቆመ፣ ከሌሎች ተነጥሎ የቀረ፣ ሸለቆ አፍ ላይ ያለ ተርባይን ከሌላው ይበልጥ ይገድላል። ለዚህ ነው «ተርባይን ወፍ ይገድላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለእኔ ባዶ የሚሆነው። የትኛው ተርባይን? የት የቆመ? የትኛውን ወፍ?

«ድመት ይብሳል» የሚለው ክርክር

ስለ ተርባይንና ወፍ ሲነሳ ሁሌም አንድ ሰው ድመትን ይጠራል። ቁጥሩ ልክ ነው። በ2013 በወጣ ጥናት በአሜሪካ ድመት በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፍ ይገድላል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ግምት የነፋስ ተርባይኖችን ድርሻ ከ140,000 እስከ 328,000 ያደርገዋል። ሕንፃ ላይ ተጋጭቶ የሚሞተውም በመቶ ሚሊዮኖች ነው።

ግን ድመት ወርቃማ ንስር ሲገድል ያየ አለ? ንስር ለመራባት አራትና አምስት ዓመት ይፈጅበታል። በዓመት የሚጥለው እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው፤ ጫጩቱም ሁሌ አይበቅልለትም። በብዙ ዓመት ዕድሜው ተማምኖ በዝግታ የሚተካ ፍጥረት ነው። በየዓመቱ ብዙ ጫጩት ከምታሳድግ ድንቢጥ 100 ቢሞት በዓመቱ ይተካል። ከንስር 100 ቢሞት የብዙ ተራሮች የአንድ ዓመት ልፋት ነው። ወፍን ሁሉ በአንድ ሚዛን አስቀምጦ መደመር ሂሳብ ይመስላል እንጂ አይደለም።

ፍርድ ቤት

ወርቃማ ንስር በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ1962 ጀምሮ የተጠበቀ ነው። ያለ ፈቃድ መግደል ያስቀጣል። ሕጉ የተጻፈው ጠመንጃ የያዘን ሰው እያሰበ ስለነበር ማሽን ሲገድል ማን ይጠየቃል የሚለው ለረጅም ጊዜ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

በ2004 አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት የአልታሞንት ተርባይን ባለቤቶችን ከሰሰ። ጉዳዩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2008 የተሰጠው መልስ ደስ የሚልም የሚያበሳጭም ነው። የዱር እንስሳት የሕዝብ አደራ ናቸው፤ ዜጋም ስለ እነሱ መክሰስ ይችላል አለ። ግን መከሰስ ያለበት ፈቃድ የሰጠው የመንግሥት አካል ነው እንጂ ኩባንያዎቹ አይደሉም ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

ለወፎች የሚቆረቆሩት የኦዱቦን ማኅበራት መንገዳቸው ይኸው ነበር። በ2005 የአላሚዳ ካውንቲ (የአካባቢው አስተዳደር ነው) ለአሮጌዎቹ ተርባይኖች ፈቃድ ሲያድስ ካውንቲውን ከሰሱ። በ2007 ታረቁ። ስምምነቱ የአራት ዓይነት አዳኝ ወፎችን ሞት በሦስት ዓመት ውስጥ በግማሽ መቀነስ ነበር። አራቱ ወርቃማ ንስር፣ ቀይ ጅራቱ ጭልፊት፣ ከስትሬልና የጉድጓዷ ጉጉት ናቸው። የባለሙያዎች ኮሚቴም ተቋቋመ።

አሁን ቅድም ያዙልኝ ወዳልኳት ነገር። በብርዱ ወራት ነፋሱ ደካማ ነው። ስለዚህ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ማሽኖቹን ማቆም ብዙ ገቢ አያሳጣም። ቀይ ጅራቱ ጭልፊት ደግሞ ከሌላ አገር መጥቶ የሚበዛው ያኔ ነው። ኪስ የማይጎዳ መፍትሔ ስለነበር ተተገበረ። በጣም አደገኛ የተባሉትም ደረጃ ወጥቶላቸው መነሳት ጀመሩ። ግን በ2009 መጨረሻ ግማሽ ይቀንሳል የተባለው አልቀነሰም። ንስሩ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነዋሪ ነው፤ በበጋም አለ፣ ነፋሱም ገንዘቡም ባለበት ጊዜ። በበጋ ማሽን ማቆም ደግሞ ሥራውን መዝጋት ነው።

ጥቂትና ትልልቅ

የቀረው መንገድ አሮጌውን ነቅሎ አዲስ መትከል ነበር። በ2010 መጨረሻ የያኔው የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄሪ ብራውን ከትልቁ ባለቤት ከኔክስትኤራ ጋር የተደረሰውን ስምምነት ይፋ አደረጉ። ኩባንያው 2,400 ያህል አሮጌ ተርባይኖችን በአራት ዓመት ውስጥ ሊተካ፣ 2.5 ሚሊዮን ዶላርም የጉዳት ማካካሻ ሊከፍል ተስማማ።

በ2012 ቫስኮ የሚባለው ክፍል 438 አሮጌ ማሽኖች ተነስተው በ34 ተተኩ። እያንዳንዱ አዲስ ተርባይን 2.3 ሜጋ ዋት ነው፤ በአቅም ከአሮጌዎቹ ባለ 100 ኪሎ ዋት ማሽኖች ከ20 በላይ የሚሆኑትን ብቻውን ያህላል። በ2015 ጎልደን ሂልስ ላይ 775ቱ ወርደው 48 ቆሙ። ያ ሁሉ ጫካ የሚመስል ብረት ሲነሳ ኮረብታው እንደገና ኮረብታ መሰለ።

አተካከሉም ተለወጠ። ቫስኮ ላይ ንስሮች ሸንተረሩን የት እንደሚያቋርጡ በካርታ ተሠርቶ ተርባይኑ ከዚያ እንዲሸሽ ተደረገ። ያንን ካርታ ካዘጋጁት አንዱ ያው በድን ሲቆጥር የነበረው ስሞልዉድ ነው። ኩባንያው ተቺውን ሥራ አስገባው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ማማው ከፍ ስላለ የክንፉ ታችኛው ጫፍ ከሳሩ ራቀ፤ ዝቅ ብሎ የሚያድን ወፍ በሥሩ ማለፍ ቻለ።

ሆኖም ሁሉም አልተፈታም። ጎልደን ሂልስ ላይ አዲሶቹ ከቆሙ በኋላም የንስር በድን መገኘቱ አልቆመም። ትልቅ ተርባይን ትልቅ መሠረትና ሰፊ መንገድ ይፈልጋል። ለዚያ ሲባል ተዳፋቱ ሲቆረጥ ነፋሱ የሚወጣበት መስመር ይቀየራል፤ ንስሩም አብሮ ይቀየራል። ትናንት የተሠራው ካርታ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ደግሞም ማሽኑ ዝግ ብሎ የሚዞር ይመስላል እንጂ የረጅሙ ክንፍ ጫፍ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል።

ከዚያ ያልተጠበቀው መጣ፤ የሌሊት ወፍ። አዲሶቹ ማሽኖች የሌሊት ወፍ አብዝተው ይገድላሉ። ይህንን ሰው ቶሎ አላየውም፤ የደረቀ ቅጠል የሚያህል በድን ማን ያያል? በ2020 ስሞልዉድና ባልደረቦቹ ያወጡት ንጽጽር አለ። የሠለጠኑ ውሾች በ55 ፍተሻ 71 የሌሊት ወፍ አገኙ። ሰዎች በነዚያው ቦታዎች በ69 ፍተሻ ያገኙት አንድ ነው። አንድ! ከዚህ በፊት በሰው ዐይን ብቻ የተጻፉ ሪፖርቶችን ሁሉ ሳስብ ትንሽ ያመኛል።

ስፔን ውስጥ በታሪፋ አካባቢ ሌላ መላ ተይዟል። ጠባቂ ሰው ቆሞ ያያል፤ ጥንብ አንሳ ወደ አንድ ተርባይን ሲጠጋ ያ ተርባይን ብቻ ይቆማል። ሞቱ በግማሽ ቀነሰ፤ የጠፋው ኃይል 0.07 በመቶ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይ «ኪሳራ ነው» የሚለው ሰበብ ይሳሳብኛል።

በ2022 ደግሞ የኔክስትኤራ ቅርንጫፍ የሆነ ድርጅት ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ። ከ2012 ወዲህ 50 በሚሆኑ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎቹ ቢያንስ 150 ንስሮች ሞተዋል። የተከሰሰባቸው ሞቶች የዋዮሚንግና የኒው ሜክሲኮ ናቸው። ማሽን ሲገድል ማን ይጠየቃል ለሚለው የአልታሞንት ጥያቄ መልሱ ሌላ ቦታ ተሰጠ።

ተጠባባቂዎቹ

ወደ 58ቱ ግዛቶች እንመለስ።

ንስር ሲጎለምስ ወዲያው ጎጆ አይሠራም። ጥሩ ጥሩው ግዛት ሁሉ ተይዟል። ባለቤቱ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ወጣቱ ይዞራል፤ አንዱ ባለግዛት እስኪሞት ይጠብቃል። ልክ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ተጫዋች። ባለግዛቱ ሲሞት አንዱ ተጠባባቂ ይገባል። ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሰው ምንም አልተለወጠም፤ ሜዳው ላይ ያው አሥራ አንድ ተጫዋች አለ።

ተርባይኑ በብዛት የሚገድለው ደግሞ እነዚህን ተጠባባቂዎች ነው። ባለግዛቱ ግዛቱን ሲጠብቅ ይውላል፤ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ቤት የሌለው ግን ምግብ ወዳለበት፣ ነፋስ ወዳለበት ይሄዳል። እሱም ተርባይኑ ያለበት ነው። ስለዚህ ጎጆ የሚቆጥር ሰው ጉዳቱን አያየውም። እየተመናመነ ያለው ወንበሩ ነው፣ ሜዳው አይደለም።

ወንበሩ ታዲያ ለምን አላለቀም? ኸንትና ባልደረቦቹ በ2017 ሂሳቡን ሠሩት። በዓመት ከ55 እስከ 65 ንስር ተርባይን ላይ ሲሞት፣ ያንን ብቻ ለመተካት የ216 እስከ 255 ጥንዶች ዓመታዊ ፍሬ ያስፈልጋል። የነዚያ ሁሉ ጥንዶች ልጆች ወደ አንድ ቀዳዳ እንስራ ይፈስሳሉ ማለት ነው። እንስራው የማይጎድለው ከላይ ስለሚቀዳበት ነው።

ከየት እንደሚቀዳ ደግሞ ላባው ተናገረ። ላባ ሲያድግ ወፉ የጠጣውን ውሃ ኬሚካላዊ አሻራ ይይዛል፤ የዝናብ ውሃ አሻራም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቶድ ካትዝነርና ባልደረቦቹ አልታሞንት ላይ የሞቱ 62 ንስሮችን ላባ መርምረው በ2017 ባወጡት ጥናት ቢያንስ ሩቡ በቅርቡ ከሌላ ቦታ የመጡ ሆነው ተገኙ። የአካባቢው ሰው ጎጆ ቆጥሮ «ሰላም ነው» ሲል፣ ያልተቆጠረው ጉዳት በሌሎች ተራሮች ይመዘገባል። ካውንቲው ፈቃድ የሚሰጠው ለራሱ ኮረብታ ነው፤ ሞቱ ግን የጎረቤትም ነው።

ስለዚህ አጥኚዎቹ ጎጆ ጋ ሲደርሱ አሁን ሌላ ነገር ይመለከታሉ። ጎጆው መያዙ አይበቃቸውም። መነጽራቸውን ወደ ንስሩ ጅራት ያዞራሉ። ዕድሜው ያልደረሰ ወርቃማ ንስር ጅራቱ ሥር ነጭ አለበት፤ ሲጎለምስ ይጠፋል። ተጠባባቂ ጎልማሳ ሲበዛ ወጣት ቦታ አያገኝም። ጎጆ ላይ የተቀመጠው ንስር ጅራቱ ነጭ ከሆነ ግን ከእሱ በፊት ወረፋ ይዘው የነበሩት የሉም።